ቤት ሊሸከም የመጣ ሕዝብ

እናንተ፣ «ቤት» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ቤት ያልተነገረኝ ነገር አልነበረም፤ መሠረቱን፣ ምሰሶውን፣ ጣሪያውን፣ የነፋስ መግቢያውን ሳይቀር ተምሬያለሁ። ቃሉን ሰው ፊት ከመጥራት በፊት ግራ ቀኝ ማየት እንደሚያስፈልግ የነገረኝ መምህር ግን አልነበረም። ይህን ያስተማረችኝ አርባ ምንጭ ናት፤ እሷም ብትሆን ጣቴን አስነክሳ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በአርክቴክትነት ተመረቅሁና ዕጣ ሳወጣ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። እናቴ «ልጄን አዞ ሊበላብኝ ነው» ብላ ጎረቤት ሰብስባ አለቀሰች። አዞስ ባልከፋ፤ የበላኝ ሽንት ቤት ነው። የተመደብኩበት የግንባታ ቢሮ ገና የተቋቋመ፣ ሰው እንጂ ወንበር ያልሞላለት ቢሮ ነበርና ለትምህርት ቤቱም፣ ለክሊኒኩም፣ ለቀበሌውም የሚሠራው ሽንት ቤት ሁሉ በእኔ እጅ ይነደፍ ጀመር። ከምዕራብ ዓባያ እስከ ጨንቻ ያለ ሰው ሲጨንቀው የሚሮጠው ወደ እኔ ሥራ ነው። በከተማው ስሜ ጠፍቶ «ኢንጂነር ሽንት ቤት» ሆኜ ቀረሁ። አንድ ሠርግ ላይ ሚዜው በዚሁ ስም ለሙሽራዋ አባት ቢያስተዋውቀኝ፣ ሰውየው የጨበጡኝበትን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ደበቁት።

አንድ ጊዜ ሆድ ሲብሰኝ አንዱን ሽንት ቤት ትንሽ ላስውበው ብዬ ዓባያ ሐይቅ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት መስኮት አወጣሁለት። የገባ ሰው አልወጣ አለ። ውጭ ሰልፍ ሆነ፤ ሰልፉ ወደ ጠብ ሄደ። አለቃዬ አቶ ታምራት አስጠርተው «አንተ ልጅ፣ የሠራኸው ሽንት ቤት ነው ወይስ ሲኒማ ቤት?» አሉኝ። መስኮቱ በጭቃ ተደፈነ። እኔም አብሬው የተደፈንኩ መሰለኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው አቶ ታምራት አንድ ጠዋት ክራቫታቸውን እያጠበቁ ወደ ጠረጴዛዬ የመጡት። በዚያ ሙቀት፣ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሚራገብበት አገር፣ ክራቫት የሚያስር እሳቸው ብቻ ነበሩ። በንግግራቸው መሃል «ሕዝባዊ ተሳትፎ» የምትል ነገር ካልገባች ደግሞ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

«ከላይ» አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀስረው፤ «ከላይ የመጣ ነው። ዘመናዊ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሊሠራ ነው። አርት ሴንተር! ቲያትሩ፣ ሙዚቃው፣ ሥዕሉ፣ ሽመናው፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር። የትኛው ከተማ እንደሚሠራ እንግዶች እየዞሩ ቦታ ያያሉ፣ ዲዛይን ያያሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ። በሕዝባዊ ተሳትፎ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዲዛይኑን አንተ ትሠራለህ። ከተመረጥን አንተው ታስገነባዋለህ። ካልተመረጥን ግን… የሚቀጥለው ዓመት የሽንት ቤት ዕቅድ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። አንድ እውነተኛ ሕንፃ! ሰው ሆዱን ይዞ ሳይሆን ልቡን ይዞ የሚገባበት፣ ከገባም በኋላ ውጣ የማይባልበት አንድ ሕንፃ ሠርቼ ልሙት አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ቦታው ሴቻ ላይ ተሰጠኝ። ሴቻን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ከላይኛው ሰፈር ጫፍ ላይ መሬቱ ሳያስጠነቅቅ ያበቃል። ከእግራችሁ ሥር አርባዎቹ ምንጮች የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በግራ ቀላ ያለው ዓባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚሉት ተራራ ተጋድሟል። እግዜር ይህን ሲሠራ እንደ እኛ ቢሮ ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ ታይፒካል ፕላን አልተጠቀመም። እኔ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ እርሳሴን እንደያዝኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከኋላዬ አንድ ዝንጀሮ ዳቦዬን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሲበላ እንኳ አልተናደድኩም።

መጀመሪያ ከገደሉ ወጣ ብሎ አየር ላይ የሚንሳፈፍ የመስታወት ሣጥን ነደፍኩ። አቶ ታምራት ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አገላብጠው አዩና «እሺ፣ ከዚህ ላይ ዘፋኝ ቢወድቅ በየትኛው በጀት ነው የምናወጣው?» አሉ። ቀደድኩት። ሁለተኛው ደግሞ የትም ከተማ ያለ ባንክ መሰለ። ቸገረኝና ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅሁ ወደ ዶርዜ ተራራ እወጣ ጀመር።

የዶርዜን ቤት ላላየ ሰው ልንገረው፤ ከቀርከሃ የሚሸመን፣ ከሩቅ ሲያዩት ግዙፍ ቅርጫት ተደፍቶ የተቀመጠ የሚመስል ቤት ነው። ሰዎቹ «ተገነባ» አይሉም፣ «ተሸመነ» ነው የሚሉት። ምስጥ እግሩን ሲበላው ወይም ባለቤቱ ቦታ ሲቀይር ጎረቤት ይጠራና ቤቱ እንዳለ ከመሬት ተነሥቶ፣ በሰው ትከሻ ወደ አዲሱ ቦታው ይሄዳል። ይህን ሲነግሩኝ «ይገርማል» ብዬ አለፍኩ። ማለፍ አልነበረብኝም።

በመጨረሻ የወደድኩትን ነገር አገኘሁ። እንደ ዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሸመነ ትልቅ አዳራሽ፤ በሐይቆቹ በኩል ያለው ጎኑ ግን ግድግዳ የሌለው፣ ወለል ብሎ የተከፈተ። ተዋናዩ መድረክ ላይ ሲቆም ከኋላው መጋረጃ ሳይሆን ዓባያና ጫሞ ይታያሉ። ይህን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ስብሰባ የመግባትን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፈረስ ነድፎ የገባ ሰው ግመል ይዞ ይወጣል።

«ክፍት ነው?» አሉ አቶ ታምራት። «ዝንጀሮ ገብቶ መድረክ ላይ ቢወጣስ?»

«ዝንጀሮውም ይሳተፋላ» አለ የቢሯችን ሒሳብ ሹም። እሱ ደግሞ ሕንፃው የከተማዋን ስም እንዲመጥን ዙሪያውን አርባ ቧንቧ ይተከልለት የሚል ሐሳብ ነበረው። አርባ ምንጭ ያላት ከተማ በቤታችን ላለችው አንዲት ቧንቧ ውኃ የምትልከው ደስ ባላት ቀን መሆኑን ብነግረው ተቀየመኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ አቶ ታምራት እርሳስ አነሡና ክፍቱን ጎኔን ዘጉት። የዘጉት ላይ በር አወጡ። በሩን አዩት፣ አዩትና ዓይናቸው በራ።

«አዞ ይሁን!»

«ምን አሉኝ?»

«በሩ የአዞ አፍ ይሁን። ሰው በአዞ አፍ ይግባ! ጥርሱም ይታይ። አርባ ምንጭ መሆኑ በምን ይታወቃል ታዲያ?»

ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፤ በመጨረሻ እሳቸው ካልፈረሙልኝ ዲዛይኑ እንደማያልፍ ገባኝና አዞውን ሣልኩት። ክፍቱ ጎኔ እንደዚያ ሽንት ቤት መስኮት ሲደፈን እያየሁ፣ በገዛ እጄ ጥርስ በጥርስ አደረግሁት።

ወሬው በዚህ መሃል ከተማውን ሞላው። አርባ ምንጭ የየብሔረሰቡ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናትና ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መልኩን ይቀይራል። ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ያለ አንድ ባለ ሥጋ ቤት መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ኢንጂነር፣ ያ እርድ ሴንተር ሲሠራ እኔን እንዳትረሳኝ!»

«እርድ አይደለም ወንድሜ፣ አርት ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። በሬ ብቻ ነው ወይስ ፍየልም ይጨምራል?»

ለእንግዶቹ የሕንፃውን ሞዴል ማሳየት ነበረብኝ። ሲቀላ ባለው ቢሯችን ጓሮ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ማታ ማታ ቀርከሃ እየሰነጠቅሁ ትንሿን ሕንፃ እሸምን ጀመር። ሰፊ የእንጀራ ሰፌድ የምታህል ነበረች። ጣሪያዋ ጎበጥ ያለ፣ በሯ የአዞ አፍ፣ ጥርሶቿ ወደ ውስጥ የሾሉ የቀርከሃ ስንጥር። እውነቴን ነው፣ አዞው ባይኖርባት ኖሮ እስማት ነበር።

አሁን ወደ አከራዬ ወደ ጋሽ አንጁሎ ልምጣ። ጋሽ አንጁሎ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከጓሮ ሆነው ሲያወሩ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያጠጣ ሰው የሚሰማቸው ይመስላል። ዘመድ ወዳድ፣ ጉረኛ፣ ደግ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ብቻ ሲደሰቱና ሲቆጡ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። ለረጅም ዘመን የመንግሥት እርሻ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። አንድ ምሽት ፀጉሬ ውስጥ የቀርከሃ ስንጥር አዩና ጠየቁኝ።

«የት ነው እንዲህ የምታመሸው ልጄ?»

«ቢሮ ጓሮ ነው ጋሼ። ሞዴል እየሠራሁ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ነው ሃያ ሁለት?»

ለዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ሞዴል ማለት ዕቃ ገቢና ወጪ የሚደረግበት ደረሰኝ እንጂ ሌላ አይደለም። ላስረዳ ሞከርኩ። «እንደሱ አይደለም፤ ሕንፃው ሳይሠራ አስቀድሞ…» አልኩና ደከመኝ። ቀኑን ሙሉ ስለ አዞ ስከራከር ውዬ ነበር። ነገሩን ላቅልለው ብዬ «ቤት ነው ጋሼ፤ የቀርከሃ ቤት» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «አንተ? ቤት ሸመንክ?»

«እንደ ዶርዜ ቤት አድርጌ።»

«ዶርዜ! ብቻህን?»

«ብቻዬን። ማክሰኞ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሴቻ፣ ገደሉ ጫፍ መድረስ አለበት። የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። መኪና ላይ ቢጫን ይሰበራል። ሰው ተሸክሞ ቢያደርስልኝ ነበር የሚሻለው።»

ጋሽ አንጁሎ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙ። «አንተ አትጨነቂ» አሉኝ። «ለቤት የሚሆን ሰው በእኔ ይሁንብህ።»

እኔ አንድ ሁለት ጎረምሳ ይልኩልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ዘበኛችን በሩን ከውስጥ ቆልፎ በቀዳዳ ያይ ነበር። «ኢንጂነር አይግቡ! ሰላማዊ ሰልፍ ነው» አለኝ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከዶርዜ በአይሱዙ የወረዱ፣ ከጫኖ በእግር የመጡ፣ ከሲቀላ ሰፈር ጋሽ አንጁሎን የሚያውቁ ሁሉ። ትከሻቸው ላይ እንደ ምሰሶ የወፈረ አጣና፣ እጃቸው ላይ ገመድ። የጋሽ አንጁሎ ባለቤት ቆጮና ዳጣ በጨርቅ ሸፍነው፣ ቦርዴ የሚሉትን የእህል መጠጥ በጀሪካን አስይዘው በስተኋላ ቆመዋል። ሰዎቹ እየዘፈኑ ነበር። መሃላቸው ላይ ጋሽ አንጁሎ፣ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ አባት ይንጎራደዳሉ።

«ይኸው ሰው!» አሉኝ። «ቤቷ የታለች?»

ያኔ ነው የገባኝ። የመጡት ቤት እንዳለ ከመሬት አንሥተው ሊሸከሙ ነው። ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ሞዴሏን ከነጣውላዋ ታቅፌ ወጣሁ።

ዘፈኑ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ። ጋሽ አንጁሎ ጣውላውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ጓሮ አዩ።

«የቀረውስ?» አሉ።

«ይኸው ነው ጋሼ።»

«አንቺ!» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ። ይህን ሁሉ ሰው ለቤት ብለው ጠርተው፣ ሳያሸክሙ ቢመልሱ ስማቸው በዶርዜ ገበያ ምን እንደሚሆን እያሰቡ ነበር። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከመሃል በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ አንድ ሽማግሌ ወጡ። ሞዴሏን ዞረው አዩ። ጣሪያዋን በጣታቸው ተጫኑ። የአዞውን ጥርስ ሲያዩ ራቅ አሉ። ከዚያ በጋሞኛ ረጅም ነገር ተናገሩና ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ነፍሳቸው መለስ ብሎ ነበር። «ጣሪያ አላት ወይ ነው የሚለው። አላት። በር አላት ወይ? አላት። እንግዲያው ቤት ነች። ትንሽ ነች ብለን ብንተዋት፣ ነገ ትልቋን ማን ይሸከማል? ነው የሚለው።»

እንዲህ ሆኖ ተሸከሟት። የዕቃ ቤቱ በር ተነቀለና ሞዴሏ እሱ ላይ ተቀመጠች፤ በሩ በአጣናዎቹ ላይ ታሰረ፤ አጣናዎቹ ትከሻ ላይ ወጡ። ያልተሸከመ ሰው ይቀየማል። ስለዚህ ገመድ ተዘረጋ፤ አጣና ያልደረሰው ገመድ ያዘ፣ ገመድ ያልደረሰው ገመድ የያዘውን ሰው ትከሻ ያዘ። ፀሐዩ ሙጫዬን እንዳያቀልጠው እኔ ከጎን ጎን እየሮጥኩ ጃንጥላ ዘረጋሁላት። እንደዚህ ሆነን ከሲቀላ ወደ ሴቻ አቀበቱን ጀመርነው።

ከፊት ያሉት ይዘፍናሉና ከፊት የሚያየን ሰው ሠርግ ነው ብሎ እልል ይላል። ከኋላ ያሉት ደክሟቸው አንገታቸውን ደፍተዋልና ከኋላ የሚያየን ቀብር ነው ብሎ ባርኔጣውን ያወልቃል። አንድ ባለ ሱቅ መስኮቱን ዘግቶ ነጠላ አዘቅዝቆ ተከተለን። «ማን ነው የሞተው?» ሲል ጠየቀኝ። «ማንም አልሞተም፣ ቤት ነው» አልኩት። «አይ፣ የማን ቤት ሰው ነው ማለቴ ነው» አለኝ። ባለ ሥጋ ቤቱም ቢላዋውን እየጠረገ ብቅ ብሎ «ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ሴቻ ስንደርስ እንግዶቹ ቀድመውን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ሰብሳቢያቸው ጥቁር መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው ናቸው። አቶ ታምራት እንደ ጎርፍ ወደ እሳቸው የሚመጣውን ሕዝብ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ግን፣ ምስጋና ይድረሳቸው፣ ነፍስ ዘሩ።

«ሕዝባዊ ተሳትፎ!» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «የምናገረው ይህንን ነው!»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ሁሉ ሰው… ለሞዴል?»

«ለሞዴል! ለዋናውማ አስቡት!»

ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ልቤ ዘለለች። ያን ጊዜ ቢያበቃ ኖሮ እኔ ዛሬ ወግ ሳይሆን ንግግር የማደርግ ሰው ነበርኩ።

ቤቷ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው መረቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር አሉ።

«ባለቤቱ ይግባ ይላል» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«የት ልግባ?»

«ቤቷ ውስጥ! ባለቤት ሳይገባ ቤት ይመረቃል?»

ሕዝቡ ይጠብቃል። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። ተንበረከክሁና እንደ ተወካይ አድርጌ አመልካች ጣቴን በአዞው አፍ ውስጥ ሰደድኩ። «ገባ!» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ጭብጨባውን፣ እልልታውን ገደሉ አስተጋባው።

መግባቱስ ገባሁ። መውጣት ነው ያቃተኝ። ጥርሶቹን ወደ ውስጥ አሹዬ የሠራኋቸው ራሴ ነኝ፤ ሲገቡ የሚያሳልፉ፣ ሲወጡ የሚይዙ። በሳብኩ ቁጥር ይወጉኛል። በዚህ ላይ ሰብሳቢው አጠገቤ መጥተው «እስቲ ሐሳብህን አስረዳን» አሉ። ተንበርክኬ፣ ጣቴ ኪነ ጥበብ ማዕከሉ ውስጥ እንዳለች፣ ስለ ብርሃን አገባብ ማስረዳት ጀመርኩ። ላቤ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ስንጥር ጠለቅ ብሎ ሲወጋኝ አልቻልኩም።

«ኧረ ነከሰኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ነከሰው?» አለ አንዱ።

«አዞው» አለ አጠገቤ የቆመው።

ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ነግሬያችኋለሁ። ፊት ያሉት «አዞው ነከሰው» አሉ፤ መሃል ያሉት «ኢንጂነሩን አዞ ነከሰው» አሉ፤ ኋላ ያሉት «ኢንጂነሩን አዞ በላው» ብለው ሲጮኹ ሴቶቹ ወደ መንገድ፣ ጎረምሶቹ አጣና ይዘው ወደ እኔ ሮጡ። አርባ ምንጭ ላይ አዞ ሲባል ማንም ቆሞ አያጣራም። ከእንግዶቹ አንዱ ለሾፌራቸው «አዞ እዚህ ተራራ ድረስ ይወጣል እንዴ?» ሲሉት፣ ሾፌሩ «እንግዲህ ሰው ካለ…» ብሎ የመኪናውን በር ከፈተ። እንግዶቹ ተንጋግተው ገብተው መስታወቱን ዘጉ። አቶ ታምራትም ከኋላ ወንበር፣ ክራቫታቸው በር ላይ ተይዞ አየኋቸው።

ጋሽ አንጁሎ ወገቤን ያዙ። ሽማግሌው ቤቷን በጣሪያዋ ያዙ።

«ቤቷን ልቀቋት! ትበላሻለች!» ብዬ ለመንኩ።

«አዞውን ነው የያዘው!» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «በል ሳቢ!»

ሳብን። ቀርከሃው ተንጫጫ፤ የአዞው አፍ ከነግድግዳው ተገንጥሎ እኔና ጋሽ አንጁሎ በጀርባችን ወደቅን። ቀና ስል አዞው ጣቴ ላይ ተሰክቷል፤ ሞዴሏ ደግሞ በአንድ ጎኗ ወለል ብላ ተከፍታለች። በተከፈተው በኩል አየሁ። ቀላ ያለው ዓባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመሃላቸው ተራራው፣ ሁሉም በእኔ ትንሽ ቤት ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ የነደፍኩት፣ ስብሰባ ላይ የደፈኑብኝ ሕንፃ ይኸው ነበር። ሕመሜን ረሳሁት።

ወደ መኪናው ሮጥኩ። «ይምጡ ይዩት!» እያልኩ መስታወቱን ደበደብኩ። «እንዲህ ነው መሆን ያለበት! አሁን ነው የተስተካከለው!»

ሰብሳቢው መስታወቱን በጣም ትንሽ ዝቅ አደረጉ። «ደኅና ነህ? አዞው ሄደ?»

«ኧረ እዚህ ጣቴ ላይ ነው!» ብዬ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

መስታወቱ ተዘጋ። መኪናው አቧራ አልብሶን ሄደ።

በኋላ የመጣልን መልስ፣ የቦታው ተፈጥሯዊ ውበት ድንቅ መሆኑን፣ የሕዝቡም ተሳትፎ ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን የሚያመሰግን ነበር። ማዕከሉ ግን «ይበልጥ የተረጋጋ ሁኔታ ባለበት» ሌላ ከተማ እንዲሠራ ተወሰነ። እዚያም የመሠረት ድንጋዩን አስቀምጠው አጨብጭበው መሄዳቸውን ሰምቻለሁ። ድንጋዩ ዛሬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍየል ይተኛበታል አሉ። እኔ ከቀናት ኀዘን በኋላ የሽንት ቤት ፕላኔን ዘረጋሁ። አለቀስኩ ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ አልቅሻለሁ።

ለቅሶዬን ስጨርስ ሞዴሌን ልወስድ ሴቻ ወጣሁ። ጋሽ አንጁሎና ሽማግሌው ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። ደመናው ከብዷል።

«ልወስዳት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«የት?» አሉ ጋሽ አንጁሎ ተቆጥተው። «ሰው የተሸከማት ቤት ተመልሳ ትወርዳለች? እኛ ጨዋታ ነው የተሸከምነው?»

«ዝናብ ሊመታት ነው እኮ ጋሼ።»

ይህንን ለሽማግሌው ነገሯቸው። ሽማግሌው አሰቡ። ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ አይሱዙው ከዶርዜ ቀርከሃ ጭኖ ወረደ። ሰዎቹ ለትንሿ ቤት ዝናብ መከላከያ ሊሆናት በላይዋ ላይ ትልቅ ቤት ይሸምኑ ጀመር። ፕላን የጠየቀኝ የለም። ለክቼ እንድሰጣቸውም አልፈለጉም፤ እየዘፈኑ፣ እየተጨቃጨቁ፣ ዳጣ እየበሉ ሸመኑት። አንድ ቀን ብቻ ጋሽ አንጁሎ ጠሩኝ።

«በሯ በየት በኩል ይሁን? እሱን ባለቤት ነው የሚለው።»

ወደ ሐይቆቹ አመለከትኩ። «ሰፊ ይሁን» አልኩ። «በጣም ሰፊ። ጥርስ አይኑረው።»

አቶ ታምራት ቤቱን በሕዝባዊ ተሳትፎ የተገኘ ብለው ሪፖርታቸው ውስጥ አስገቡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ይዘው እዚያ ይውሉ ጀመር፤ ተማሪዎች ድራማ ይለማመዱበታል፤ አንድ ክራር የሚመታ ከወላይታ የመጣ ጎልማሳ ዓባያን እያየ ይዘፍንበታል። የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም። የሚቆጣም የለም።

ትንሿ ቤት መሃል ላይ እንደተቀመጠች ናት። አንድ ቅዳሜ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ይህቺስ ምንድን ናት?» ብሎ ሊነካት ሲል ጋሽ አንጁሎ እጁን ያዙት።

«ተው፣ አትንካ!» አሉት። «ልጅ ነች። ገና ታድጋለች።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ግን ማንም እንደማያየኝ አረጋገጥኩና ጎንበስ ብዬ፣ ትንሽ ጨምራ እንደሆነ በስንዝሬ ለካኋት።